የአባቶች ሥርዓትና የክርስቲያን ኅሊና



የመስቀል በዓል አልፎ፥ የክረምቱ ጭቃ ደርቆ ሜዳው አደይ አበባ ሲለብስ፥ በአምቦ፥ በጉደር፥ በጌዶና በአካባቢው ባሉ ከተሞች ነጭ ልብስ ለብሰው፥ እርጥብ ሣርና አበባ ይዘው ወደ ውኃ ዳር የሚወርዱ ወገኖቻችንን እናያለን። ከእነርሱም መካከል የእኛ ምእመናን፥ የእኛ እናቶች፥ እሑድ እሑድ በመዘምራን መካከል የምናያቸው ወጣቶች አሉ። በአንድ የካቴኪስቶች ሥልጠና ላይ አንድ ወጣት አስተማሪ ተነሥቶ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «አባ፥ እናቴ ቆራቢ ናት። ኢሬቻ ሲደርስ ግን ሣሯን ይዛ ትወርዳለች። የማስተምራቸው ልጆችም ‹ኃጢአት ነው ወይ?› ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

በአዳራሹ ውስጥ ወዲያው ሁለት ድምፅ ተሰማ። ገሚሱ «ጣዖት ነው እንጂ! ምን ጥያቄ አለው?» አለ። ገሚሱም «ባህል ነው እንጂ! ምን ክፋት አለው?» ሲል መለሰ። እኔ ግን ለጊዜው ዝም አልኩ። ሁለቱ መልሶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ቢመስሉም በአንድ ነገር እንደሚስማሙ ታየኝ፤ ይኸውም እናቲቱ ውኃው ዳር ቆማ ምን እንደምትል ከሁለቱ ወገን የጠየቀ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። ለልጁም «አስቀድመህ እናትህን ጠይቃት፤ ከዚያ በኋላ ተመልሰህ ንገረኝ» አልኩት።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ይህንኑ ነው፦ የአባቶችን ሥርዓት ሳይሰሙ መኰነንም ሆነ ሳይሰሙ ማጽደቅ ሁለቱም ከእውነት የራቁ ናቸው። በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ በፍርድ አደባባይ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ስለ ባልንጀራችን ጸሎት በምንናገርበትም ጊዜ ይሠራል።

ከሩቅ ደሴት የመጣ ምሳሌ

ይህ ጥያቄ በእኛ አልተጀመረም። መስማት ሳይቀድም መፍረድ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ከአምስት መቶ ዓመታት በፊት ወደ ተፈጸመ አንድ ነገር መለስ እንበል።

እ.ኤ.አ. በ1492 ክሪስቶፎር ኮሎምበስ የካሪብ ባሕር ደሴቶችን በረገጠ ጊዜ ያገኘው ሕዝብ ዛሬ ታይኖ ተብሎ ይጠራል። ሕዝቡ ይኖር የነበረው አሁን ኩባ፥ ሄይቲ፥ ዶሚኒካን ሪፑብሊክና ፖርቶ ሪኮ በምንላቸው አገሮች ነበር። በኮሎምበስ ሁለተኛ ጉዞ ከሄዱት መካከል ራሞን ፓኔ የሚባል የቅዱስ ሄሮኒሞስ ማኅበር መነኩሴ ነበረ። ኮሎምበስም ከሕዝቡ ጋር ኖሮ ቋንቋቸውን እንዲማር፥ ስለ እምነታቸውና ስለ ሥርዓታቸው የሰማውንም እንዲጽፍ አዘዘው። ፓኔ እ.ኤ.አ. በ1498 ገደማ የጨረሳት ትንሽ ጽሑፍ ዋናዋ ብትጠፋም፥ በጣልያንኛ ትርጉም ተርፋ በ1571 በቬኒስ ከተማ በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ገብታ ለእኛ ዘመን ደርሳለች።

በዚህች ጽሑፍ እንደምናነበው፥ ታይኖዎች በሰማይ የሚኖር፥ የማይሞትና በዓይን የማይታይ፥ እናት ያለው ነገር ግን መጀመሪያ የሌለው ዩካሁ የሚባል አምላክ እንዳለ ያምኑ ነበር። የሰው ዘር ከዋሻ እንደ ወጣ፥ ባሕርም ከአንድ የተሰበረ ቅል ፈስሶ ምድርን እንደ ሸፈነ ይተርኩ ነበር። አሬይቶ በሚሉት ሥርዓታቸው በዜማና በጭፈራ የአባቶቻቸውን ታሪክ ለልጆቻቸው ያወርሱ ነበር። ሴሚ የሚሏቸውን ከድንጋይና ከእንጨት የተሠሩ ቅዱሳን ዕቃዎችም ያከብሩ ነበር፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹን ማሳው ፍሬ እንዲሰጥ በእርሻ ውስጥ ይቀብሯቸው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የሆነውን ፓኔ ራሱ ጽፎታል። መነኮሳቱ በአንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት ቅዱሳት ሥዕሎችን ትተው በሄዱ ጊዜ፥ ጓሪዮኔክስ የሚባለው አለቃ የላካቸው ሰዎች ሥዕሎቹን ወስደው በእርሻ ውስጥ በአፈር ሸፈኗቸው፤ ለውጭ ሰው ዓይን ውርደት የሚመስል ነገርም አደረጉባቸው፤ ከእንግዲህ ፍሬያቸው መልካምና ትልቅ እንደሚሆንም ተናገሩ። ይህ በተሰማ ጊዜ የኮሎምበስ ወንድም በርተሎሜዎስ ሰዎቹን አስይዞ በአደባባይ በእሳት አቃጠላቸው። ስለ ታይኖ ሥርዓት ያጠኑ ብዙ ሊቃውንት ግን ሰዎቹ ሥዕሎቹን ለማዋረድ ሳይሆን፥ ለራሳቸው ቅዱሳን ዕቃዎች የሚያደርጉትን የእርሻ ሥርዓት ያደረጉላቸው ሊሆን እንደሚችል ይናገራሉ። እንደዚያ ከሆነ፥ እነዚያ ሰዎች የተቃጠሉት የክርስቲያኖችን ቅዱስ ነገር በራሳቸው ቋንቋ ስላከበሩ ነው ማለት ነው። ከፈራጆቹ መካከል አንድ ሰው «ይህን ለምን አደረጋችሁ?» ብሎ ከልቡ ቢጠይቅ ኖሮ!

ፓኔ ቋንቋቸውን ያውቅ አልነበረምን? ያውቅ ነበር። ነገር ግን በጽሑፉ ብዙ ጊዜ ያፌዝባቸዋል፤ አንዳንዶቹን በኃይል መግራት ይገባል ብሎም ጽፏል። ከዚህ የምንማረው፥ መመዝገብና መስማት አንድ አለመሆናቸውን ነው። ጆሮ ቃሉን ሊቀበል ይችላል፤ ልብ ካልተከፈተ ግን አልተሰማም።

የታይኖ ሕዝብ በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ በበሽታ፥ በግዳጅ ሥራና በጦር አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1511 ከልደት በዓል ቀደም ባለው ሰንበት የዶሚኒካን ማኅበር አባል የነበሩት አባ አንቶኒዮ ዴ ሞንቴሲኖስ በሳንቶ ዶሚንጎ ከተማ በመስበኪያው ላይ ቆመው፥ እነዚህ ሰዎች ነፍስ ያላቸው የእግዚአብሔር ፍጡራን መሆናቸውን በገዥዎቹ ፊት ያለ ፍርሃት መሰከሩ። ድምፃቸው ግን ለብዙዎች ዘግይቶ የደረሰ ነበር። ለረጅም ጊዜም ታይኖ ፈጽሞ ጠፋ ተብሎ ተጻፈ። ይሁን እንጂ ቃላቸው በዓለም ልሳን ቀርቷል፤ እኛ ራሳችን በአማርኛ «ትምባሆ» የምንለው ቃል እንኳ መነሻው ከእነርሱ አፍ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በባሃማስ ደሴቶች «የሰባኪው ዋሻ» ተብሎ በሚጠራ ስፍራ የተገኘ፥ አንድ ሺህ ዓመት የሚሆነው የአንዲት ሴት ጥርስ ተመርምሮ፥ የዛሬዎቹ የፖርቶ ሪኮ ሰዎች ከዚያ ሕዝብ ጋር የደም ዝምድና እንዳላቸው ተረጋግጧል። በካሪብ አገሮች ዛሬ ብዙዎች «እኛ የታይኖ ልጆች ነን» እያሉ ከተረፈው ጥቂት ነገር የአያቶቻቸውን ሥርዓት ለመልቀም ይደክማሉ። የሚያሳዝነው ግን የሚጠይቋቸው አረጋውያን በሕይወት የሉም።

እኛ ግን የምንጠይቃቸው አረጋውያን አሉን። ልዩነታችንም ኃላፊነታችንም ይህ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ

በምዕራብ ሸዋ የምንኖር ሰዎች በሜጫ ኦሮሞ ምድር ላይ ነን። የሜጫ ሕግ አውጪ ተብሎ በቃል ትውፊት የሚታወሰው ማኮ ቢሊ ሕጉን የደነገገበት ኦዳ ቢሲል የሚገኘው በዚሁ በዞናችን ነው። በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይተላለፍበት የነበረው የገዳ ሥርዓት በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ በአካባቢያችን ቢዳከምም፥ ከሰዎች ልብ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ገዳን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

የዚህ ሕዝብ እምነት መሠረት ሁሉን የፈጠረ አንድ ዋቃ ነው። ፍጥረት ከውኃ እንደ ተጀመረ፥ ሰማይ በመጀመሪያ ለምድር ቅርብ እንደ ነበረና በሰው በደል ምክንያት እንደ ራቀ ሽማግሌዎች ይተርካሉ። ኃጢአትን «ጩቡ» ይሉታል። «ሳፉ» የሚሉት ደግሞ ለእናትና ለአባት፥ ለታላቅና ለታናሽ፥ ለምድርና ለእንስሳ ሁሉ የሚገባ አክብሮት ነው፤ ሳፉን የጣሰ ሰው የፍጥረትን ሥርዓት ጥሷል ይባላል። ኢሬቻም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ዋናው መልእክቱ ጨለማውን ክረምት አሳልፎ፥ ወንዙን ጎድሎ እንዲሻገሩት፥ ዘመድ ከዘመድ እንዲገናኝ ላደረገ ፈጣሪ የሚቀርብ ምስጋና ነው።

ይህን ሁሉ የነገሩን የአገሩ ሽማግሌዎች ብቻ አይደሉም። የቪንሰንሲያን ማኅበር አባል የነበሩት ሆላንዳዊው አባ ላምበርት ባርተልስ በወለጋ ከምዕራብ ኦሮሞዎች ጋር ለብዙ ዓመታት ኖረው፥ ገበሬዎችና እናቶች የነገሯቸውን በትዕግሥት መዝግበው፥ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለዚህ ሕዝብ እምነት፥ ትረካና ሥርዓት ሰፊ መጽሐፍ አሳትመዋል። ፓኔ ከጀመረው ሥራ ጋር ሲነጻጸር፥ የአባ ባርተልስ ሥራ የሚለየው በፌዝ ፋንታ ፍቅር ስላለበት ነው።

የስሙን ጉዳይ ደግሞ ልብ በሉ። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፥ ሰማይና ምድርን የፈጠረው አምላክ የሚጠራው በዚያው በአባቶች ስም ነው። ዛሬ በኦሮምኛ የምንጸልይ ካቶሊኮችም «ዋቃዮ» ብለን እንጀምራለን። ስሙን ከአባቶች ተቀብለን፥ ስሙን የጠሩትን አባቶች ሁሉ የሰይጣን አገልጋዮች ማለት እንዴት ይቻለናል?

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። በአማርኛ «ቃልቻ» ስንል ጠንቋይ ማለታችን ነው። ነገር ግን «ቃሉ» ማለት በጥንቱ ሥርዓት የተከበረ፥ ደም ከማፍሰስ የራቀ፥ የተጣላ የሚያስታርቅ የሃይማኖት አባት ማለት ነበር። ስዊድናዊው ካርል ኤሪክ ክኑትሶን እ.ኤ.አ. በ1967 በሜጫ ኦሮሞዎች ዘንድ ስላለው የቃሉ ሥልጣን ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፥ ይህ ሥልጣን በዘመናት ውስጥ ብዙ ተለውጧል፤ የመናፍስት ይዞታም በእርሱ ላይ ተጨምሯል። ሁለቱን ስሞች አደባልቀን ስንጠራ፥ የሚያስታርቀውንም የሚያስፈራራውንም በአንድ ከረጢት ከተትናቸው።

በር ላይ የቀረችው ሲንቄ

ስለ ሌሎች ስሕተት ብቻ ጽፌ እንዳላልፍ ኅሊናዬ ከለከለኝ። ማዕረገ ክህነት በተቀበልኩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፥ በአንድ የገጠር ጸሎት ቤት አንዲት አሮጊት ቀጭን በትር ይዘው ለቅዳሴ መጡ። በትሯ በላይዋ ቅቤ የተቀባች፥ በእርጅና የጠቈረች ነበረች። እኔም ከትምህርት ቤት ትኩስ የወጣሁ ነበርኩና፥ «እማማ፥ ይህ የጣዖት ነገር ነው፤ ከእግዚአብሔር ቤት አይገባም፤ ውጭ ይተዉት» አልኳቸው። እርሳቸውም አንድ ቃል አልመለሱም። በትሯን በር ላይ አስደግፈው ገቡ፤ ጸለዩ፤ ሲወጡም አንሥተው ሄዱ።

ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ቀበሌ ሁለት ቤተ ሰቦች በወሰን ተጣልተው ዱላና ጦር ይዘው ተፋጠጡ። የመንግሥት ሰው ሩቅ ነበረ፤ እኔም ልመናዬን የሚሰማ አላገኘሁም። በዚያን ጊዜ እናቶች በትሮቻቸውን ይዘው እልል እያሉ ከየቤታቸው ወጡና በሁለቱ ወገኖች መካከል ቆሙ። ወንዶቹ ሁሉ ባሉበት ቀሩ። ከፊት የቆሙት እነዚያ አሮጊት ነበሩ። በትሯም ሲንቄ ናት፤ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ እጅ የምትቀበላት፥ ሲንቄ የያዘችን ሴት መምታት ቀርቶ በመካከሏ ማለፍ እንኳ ነውር የሆነባት የሰላም በትር ናት። እኔ በር ላይ ያስቀረሁት ጣዖትን ሳይሆን የአስታራቂነትን ምልክት ነበር። ከዚያ በኋላ እናታችንን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አባ፥ አልጠየቁኝም እንጂ እነግርዎት ነበር» አሉኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከስብከቶቼ ሁሉ በላይ ያስተምረኛል።

ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች?

አንዳንዶች ይህን የመሰለ ነገር ስንናገር አዲስ ትምህርት ያመጣን ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን ከሐዋርያት ዘመን የመጣ ነው። ቅዱስ ጳውሎስና በርናባስ በልስጥራን ከተማ ለአሕዛብ ሲናገሩ፥ እግዚአብሔር ከሰማይ ዝናብንና ፍሬ የሚሆንበትን ወራት እየሰጠ በአሕዛብ መካከል ራሱን ያለ ምስክር እንዳልተወ አስተምረዋል (ሐዋ. 14)። እንግዲህ ሐዋርያው ለዝናብ የሚቀርብ ምስጋና ወደ እውነተኛው አምላክ የሚያደርስ መንገድ ሊሆን እንደሚችል ከእኛ በፊት አይቷል። በዚያው ስፍራ ግን ለእርሱና ለበርናባስ በሬ ሊሠዉ በመጡ ጊዜ ልብሱን ቀዶ ከልክሏቸዋል። ምስጋናውን ተቀበለ፤ ለፍጡር የሚቀርበውን መሥዋዕት ግን እምቢ አለ። ሁለቱንም በአንድ ቀን አደረገ።

ር.ሊ.ጳ. ቅዱስ ጎርጎርዮስ ታላቁም እ.ኤ.አ. በ601 በእንግሊዝ አገር ለሚሰብኩ መነኮሳት በላኩት መልእክት፥ ጣዖቶቹ ይወገዱ እንጂ የሕዝቡ ቤተ መቅደሶች እንዳይፈርሱ፥ በጸበል ተባርከው ለእግዚአብሔር አምልኮ እንዲውሉ አዝዘዋል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ጥበብ ሁልጊዜ አልጠበቀችም። በቻይና ክርስቲያኖች ለሙታን ወላጆቻቸው የሚያቀርቡት የአክብሮት ሥርዓት በ1742 በጽኑ ተከለከለ፤ በ1939 ደግሞ ሥርዓቱ የአገር አክብሮት እንጂ አምልኮ አለመሆኑ ታውቆ ተፈቀደ። በሁለቱ ዓመታት መካከል ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ዓመታት አልፈዋል፤ በዚያ ዘመን «ክርስቲያን ልሁን ወይስ አባቴን ላክብር?» ብለው የተጨነቁትን ቤተ ሰቦች አስቡ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣቸው ሰነዶች፥ ቤተ ክርስቲያን በሌሎች ሃይማኖቶች ካለው እውነትና ቅዱስ ነገር አንዱንም እንደማትንቅ፥ ሰባኪዎቿም በሕዝቦች ትውፊት ውስጥ የተዘራውን የቃል ዘር በደስታ እንዲፈልጉ አስተምሯል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1995 ስለ አፍሪካ ቤተ ክርስቲያን በሰጡት መልእክት ወንጌል በአፍሪካ ባህል ውስጥ ሥር እንዲሰድ አጥብቀው አሳስበዋል።

ደግሞስ ሩቅ ለምን እንሄዳለን? በቀዳም ሥዑር ካህኑ ቄጤማ አድሎን፥ እኛም በግንባራችን አስረን ወደ ቤታችን አልሄድንምን? የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሰረችውን እርግብ እናስባለን። በሆሣዕና ዘንባባ ይዘን እንዘምራለን፤ በጥምቀት ወደ ውኃ ዳር እንወርዳለን። በእጅ የተያዘ እርጥብ ቅጠል በራሱ ጣዖት ቢሆን ኖሮ እኛም ባልዳንን ነበር። ቅጠሉን ቅዱስ ወይም ርኩስ የሚያደርገው በእርሱ የምናመሰግነው ማንን እንደ ሆነ ነው።

ሰምቶ መፍረድ

ይሁን እንጂ መስማት የመንገዱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። «ባህል ነው» ብሎ ማለፍም ስንፍና ነው፤ እንዲያውም ንቀት ሊሆን ይችላል። ዋቄፈና የራሱ ሃይማኖት የሆነለት ጎረቤታችን ውኃው ዳር ሲቆም በእውነት እየጸለየ ነው። እኛ ጸሎቱን «ጭፈራ»፥ ልብሱን «ለፎቶግራፍ የሚያምር» ብለን ስናቃልለው፥ እርሱን አላከበርነውም። ጸሎት ከሆነ፥ «ለማን?» ተብሎ የመጠየቅ ክብር ይገባዋል። እርሱንም «ሳታውቀው ክርስቲያን ነህ» ልንለው አይገባም፤ እምነቱን እንደ እምነት አክብረን የእኛን በፍቅር እንመስክርለት።

ለክርስቲያን ግን ሦስት ጥያቄዎች ሚዛን ሊሆኑት ይችላሉ።

የመጀመሪያው፦ የማመሰግነው፥ የምለምነውስ ማንን ነው? ፈጣሪን ለዝናብና ለእህል ማመስገን በኢየሱስ ክርስቶስ ካለን እምነት ጋር አይጣላም። ለዛፍ፥ ለድንጋይ፥ ለወንዝ ወይም ለመንፈስ መሠዋት፥ ዕጣ ፈንታን ለማወቅ ወደ ጠንቋይ መሄድ፥ ለዛር መገበር ግን ከፊተኛው ትእዛዝ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። በዚህ ላይ ሁለት ቃል የለንም፤ መካከለኛችን አንድ ክርስቶስ ነውና።

ሁለተኛው፦ ወደዚያ የሚወስደኝ ፍቅር ነው ወይስ ፍርሃት? ያመሰገነ ሰው ከውኃው ሲመለስ ልቡ ቀልሎለት ይመለሳል። «ባልሄድ ልጄ ይሞታል» ብሎ የሄደ ሰው ግን ባሪያ ሆኖ ይመለሳል። ክርስቶስ የመጣው ከዚህ ፍርሃት ነፃ ሊያወጣን ነው።

ሦስተኛው፦ ሥርዓቱ ደካማውን ሰው እንዴት ያየዋል? የአባቶች ሥርዓት ሁሉ ንጹሕ አልነበረም። ቱምቱ የተባሉትን ቀጥቃጮች፥ ፉጋና ዋታ የተባሉትን ወገኖች ከማዕድና ከጋብቻ ያገለለው ልማድ የእግዚአብሔርን መልክ የናቀ ነው። ነገር ግን ድንጋዩን ከመወርወራችን በፊት የራሳችንን ወንበር እንመልከት። በአንድ ጽዋ ተካፍለን ስንወጣ የሸክላ ሠሪውን ልጅ ለልጃችን የምንከለክል ክርስቲያኖች የለንምን? በዚህ ነገር ወንጌል የሚፈርደው በኢሬቻ ብቻ ሳይሆን በእኛም ላይ ነው።

በዚህ ላይ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሥጋ መብላት የጻፈውን እናስብ (1ቆሮ. 8-10)። ሐዋርያው ለጠንካራው ነፃነትን ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ነፃነቱ የደካማውን ወንድም ኅሊና እንዳይሰብር ያስጠነቅቀዋል። ስለዚህ በልቡ ፈጣሪን ብቻ የሚያመሰግን ምእመን እንኳ፥ መውረዱ አዲስ ተጠማቂውን ወደ ቀድሞ ፍርሃቱ የሚመልስ ከሆነ፥ ስለ ፍቅር ሲል መቅረቱን ይመርጥ ይሆናል። የቀረውም የሄደውን አይኰንን፤ የሄደውም የቀረውን «ባህሉን የናቀ» አይበለው።

አንድ ነገር ደግሞ በኀዘን ላስታውስ። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ፥ በሆራ አርሰዲ፥ ለምስጋና ከወረዱት መካከል ብዙ ወገኖቻችን በግርግርና በድንጋጤ አልቀዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ2012 ዓ.ም.፥ በዓሉ ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲስ አበባ ተከበረ። የምስጋና ስፍራ የሞት ወይም የፉክክር ስፍራ ሲሆን፥ የሚያዝነው አንድ ሃይማኖት ብቻ መሆን የለበትም። ሰላምን ለመለመን እርጥብ ሣር ይዞ ለወጣ ሰው ሞት ማልቀስ፥ ሣሩን ለመያዝ መስማማትን አይጠይቅም።

የእናቲቱ መልስ

ያ ወጣት ካቴኪስት ከጊዜ በኋላ ተመልሶ መጣ። እናቱን ጠይቋት ነበር፤ የነገረችውንም እንድጽፈው በፈቃዷ ልካዋለች። «ውኃው ዳር ምን ትያለሽ?» ሲላት፥ «ዝናቡን ላወረደልኝ፥ እናንተን ላቆየልኝ አመሰግናለሁ። በቅዳሴ የማመሰግነውስ ሌላ ነው እንዴ?» አለችው። ልጁም ደስ ብሎት ሊነሣ ሲል እጁን ይዛ አስቀመጠችው። «አንድ ነገር ግን ለአባ ንገርልኝ» አለችው፤ «ታናሽ ወንድምህ የታመመ ጊዜ ማታ ሄጄ ከዛፉ ሥር ቅቤ ቀብቻለሁ። ያን ጊዜ አላመሰገንኩም፤ ፈርቼ ነበር።»

ተመልከቱ፤ አንዲት እናት፥ አንዲት ነፍስ፥ አንድ ዓይነት ሣርና አንድ ዓይነት ቅቤ። «ጣዖት ነው» ያሉት ምስጋናዋን ባላገኙት ነበር። «ባህል ነው» ያሉትም ፍርሃቷን ባላገኙት፥ ፈውስንም ባልሰጧት ነበር። ሁለቱንም ያገኘው የጠየቃት ልጇ ነው። ከእርሱ በፊት ማንም ሳይነግራት፥ የትኛው ወደ ብርሃን የትኛውም ወደ ጨለማ እንደሚወስድ ኅሊናዋ ለይቶ ያውቅ ነበር፤ የሚያዳምጥ ሰው ብቻ ነበር የጎደላት።

እንግዲህ ውድ ካቴኪስቶች፥ አደራዬ ይህ ነው። በየመንደራችሁ ያሉትን አረጋውያን፥ አያቶቻችሁን፥ ሽማግሌዎችንና ሲንቄ የያዙ እናቶችን ቁጭ ብላችሁ አዳምጧቸው። የሚነግሯችሁን ትረካ፥ ምርቃትና ሥርዓት በደብተራችሁ ጻፉ፤ ያለ ፌዝና ያለ ጥድፊያ። ከዚያም ወደ ቁምስናችሁ አምጡትና ከካህኑ ጋር በጸሎት መርምሩት። ከመኸር በኋላ የበኵራት ምስጋና በቤተ ክርስቲያን የምናቀርብበትን፥ የተጣሉ ቤተ ሰቦች ሲታረቁም የእናቶች ሲንቄ በመሠዊያው ፊት የምትቆምበትን መንገድ በጋራ እንፈልግ። የታይኖ ልጆች ዛሬ የሚጠይቁት አጥተው ከጥርስና ከድንጋይ ይጠይቃሉ፤ እኛ ግን ገና የሚመልስልን አፍ አለን።

ያለ ምስክር ራሱን ያልተወ፥ ዝናብን በጻድቃንና በኃጥኣን ላይ የሚያዘንብ የሰማይ አባታችን የምንሰማበት ጆሮ፥ የምንለይበት ጥበብ፥ እውነትንም በፍቅር የምንናገርበት አንደበት ይስጠን። አሜን።